ጥያቄ እንደ ምርመራ፦ ለሙያ ፈቃድ ምዘና በመለማመጃ ጥያቄዎች ስለ መዘጋጀት

(በእንጅባራ ለጤና ሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የተሰጠኝ ርእስ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ይመስላል። «ጥያቄ ሥሩ፣ ታልፋላችሁ» ብዬ ብቀመጥ የሚቃወመኝ አይኖርም። ይህን ምክር ግን ከእኔ ሳትሰሙም ታውቁታላችሁ፤ በየዶርሙና በየቤተ መጻሕፍቱ፣ በተረኝነት ሌሊት ሳይቀር፣ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፉ የሚነበቡት የጥያቄ ስብስቦች ምስክር ናቸው። ዛሬ ላነሳው የምፈልገው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። ጥያቄ መሥራት ለምን ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል? አንድ ተማሪ ሺህ ጥያቄ ሠርቶ ለምን ይወድቃል? ሌላው ደግሞ ካለፈ በኋላ ታማሚ ፊት ሲቆም ለምን ግራ ይገባዋል?

እኔ የኅብረተሰብ ጤና መምህር ነኝ። የሙያዬ ልማድ ሆኖ ማንኛውንም ፈተና የማየው እንደ ልየታ ምርመራ ነው። ስለዚህ ንግግሬን ከዚያ እጀምራለሁ።

በሀገራችን አንድ የጤና ምሩቅ በሙያው ለመሥራት ዲግሪው ብቻውን አይበቃውም፤ በጤና ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠውን የሙያ ፈቃድ ምዘና ማለፍ ይጠበቅበታል። ይህ ምዘና የትምህርት ሚኒስቴር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በስፋት ከሚሰጠው የመውጫ ፈተና ጋር በወሬ ደረጃ ሲምታታ እሰማለሁ። ሁለቱ የሚጠይቁት ግን የተለያየ ነገር ነው። የመውጫ ፈተና «ይህ ተማሪ የተማረውን በሚገባ ይዟል ወይ?» ይላል። የፈቃድ ምዘና ግን «ይህን ሰው ከታማሚ ጋር ብቻውን ብንተወው ታማሚው ከጉዳት ይጠበቃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ስለ ተማሪው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ ስለሌለ ሰው፣ ስለ ታማሚው ነው።

እንዲህ ያለው የጋራ ሚዛን ያስፈለገበት ምክንያት ከሙያው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ሲጀምር፣ መምህሩ እያንዳንዱን ሠልጣኝ በስሙና በእጁ ሥራ ያውቀው ነበር። ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሐኪም የሚያሠለጥኑት የመንግሥት ተቋማት አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ማሠልጠኛዎቹ በዝተዋል፤ የእኛም ከተማ የዚያ መስፋፋት ተጠቃሚ ናት። ተቋማት ሲበዙ ግን የአንዱ ቤት «በጣም ጥሩ» ከሌላው ቤት «በጣም ጥሩ» ጋር እኩል መሆኑን በወረቀት ላይ ካለው ማዕረግ ማወቅ አይቻልም። የጋራው ምዘና የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

አሁን ወደ ልየታው እንምጣ። ማንኛውም የልየታ ምርመራ በሁለት በኩል ሊሳሳት ይችላል። በሽታ ያለበትን «ጤነኛ ነህ» ብሎ ይሸኛል፤ ጤነኛውን ደግሞ «ታማሚ ነህ» ብሎ ያስደነግጣል። ፈተናም እንዲሁ ነው። ብቁ ያልሆነውን ካሳለፈ ዋጋውን የሚከፍለው ታማሚው ነው፤ ያውም ማን እንደከፈለለት ሳይታወቅ። ብቁ የሆነውን ከጣለ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍሉት ምሩቁና ቤተሰቡ ናቸው፤ ልጃቸውን ለዓመታት ያስተማሩ፣ ምናልባትም ለዚሁ ሲሉ በሬ የሸጡ ወላጆች። ሁለቱም ስሕተቶች እውነተኛ ጉዳት አላቸው። የመለማመጃ ጥያቄም የሚመዘነው ከእነዚህ ስሕተቶች የትኛውን እንደሚቀንስና የትኛውን እንደሚያባብስ በማየት ነው።

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አራት አማራጭ ያላቸው 100 ጥያቄዎች ቀረቡላችሁ እንበል። በትክክል የምታውቁት 40ውን ብቻ ነው፤ የቀሩትን 60 በጭፍን ገመታችሁ። ከአራት አንዱን በአጋጣሚ ስለምታገኙ ከ60ው 15 ያህሉ ይመቱላችኋል። ውጤታችሁ 55 ሆነ ማለት ነው። ተማሪው «ከግማሽ በላይ አውቃለሁ» ብሎ ይተኛል፤ የሚያውቀው ግን 40 ነው። ከዚህም በላይ የሚያሳስበው፣ 55ቱን መልሶ ሲያይ የትኛው ከእውቀት፣ የትኛው ከዕድል እንደመጣ የሚለይበት ምልክት የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። መልስ በመረጣችሁ ቁጥር፣ ትክክለኛውን መልስ ከማየታችሁ በፊት፣ ከጎኑ አንድ ፊደል ጻፉ፤ «እ» ማለት እርግጠኛ ነኝ፣ «ጥ» ማለት እጠራጠራለሁ፣ «ግ» ማለት ገመትኩ። ሲታረም ከምታገኟቸው ውጤቶች በተለይ አራቱን ለዩ። እርግጠኛ ሆናችሁ ያገኛችሁት እውቀታችሁ ነው። ገምታችሁ ያገኛችሁት ብድር ነው፤ እንዳላወቃችሁት ቁጠሩት። ተጠራጥራችሁ የሳታችሁት ለትምህርት የተመቸ ቦታ ነው። እርግጠኛ ሆናችሁ የሳታችሁት ግን ቀይ መብራት ነው። በሆስፒታል ውስጥ ከማያውቅ ባለሙያ ይልቅ አደገኛው እርግጠኛ ሆኖ የሚሳሳተው ነው፤ የማያውቀው ከፍተኛ ባለሙያ ይጠራል፣ መጽሐፍ ይገልጣል፤ እርግጠኛው ግን ማንንም ሳይጠይቅ መርፌውን ይወጋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ስሕተቱን ከራሱ የሚደብቅ ተማሪም እንዲሁ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ጥያቄ መሥራት የሚመዝን ብቻ ሳይሆን የሚያስተምርም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ በተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። አንደኛው ቡድን አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበ። ሁለተኛው ቡድን አንድ ጊዜ አንብቦ፣ ጽሑፉን ዘግቶ፣ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው ቡድን በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግሞ ያነበበው 42 በመቶ፣ ዘግቶ ያስታወሰው 56 በመቶ አስታወሰ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ማንበብ ለጊዜው የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ከአእምሮ ፈልጎ ማውጣት ግን ለጊዜው ይከብዳል፣ ይዘገያል፣ ያሳፍራልም፤ የሚሰነብተው ግን እሱ ነው።

ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ መጽሐፍ እያገላበጠ ቅኔ አዋቂ አልሆነም። ቅኔውን ራሱ ይቆጥራል፤ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የተሰበረውን ያቃናለታል። በማግስቱ የትናንቱን ይዞ መቅረብ አይችልም፤ አዲስ መቁጠር አለበት። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዛሬ የትምህርት ተመራማሪዎች የሚመክሩት ሦስት ነገር አለ፦ ከራስ ማውጣት፣ ወዲያው መታረም፣ በየጊዜው በአዲስ ነገር መሞከር። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ልምምዱ ይጎድላል። በተለይ እርማት የሌለው የምርጫ ጥያቄ አደጋ አለው፤ ተማሪው የመረጠውን የተሳሳተ አማራጭ እንደ እውነት ይዞት ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ በተግባር እንዴት እንሥራው?

አንደኛ፣ አማራጮቹን ሸፍኑ። የታማሚውን ታሪክ አንብባችሁ መልሱን በራሳችሁ ቃል ተናገሩ፤ ከዚያ በኋላ አማራጮቹን ግለጡ። ታማሚ አራት አማራጭ ይዞ አይመጣም።

ሁለተኛ፣ ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሦስቱ ለምን እንደማይሆኑ ተናገሩ። በደንብ በተዘጋጀ ጥያቄ ውስጥ እያንዳንዱ አሳሳች አማራጭ ለሌላ ታማሚ ትክክለኛ መልስ ነው። «ለየትኛው ታማሚ ይሆን ነበር?» ብላችሁ ከመለሳችሁ ከአንድ ጥያቄ አራት ትምህርት ታገኛላችሁ።

ሦስተኛ፣ ጥያቄውን ለውጡ። ከጃዊ የመጣ ወጣት በቫይቫክስ ወባ መታመሙ ተረጋግጧል እንበል። ለደሙ ክሎሮኩዊን፣ በጉበት ተደብቆ ለሚቆየው ደግሞ ፕሪማኩዊን ብላችሁ መለሳችሁ። ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? ፕሪማኩዊን አይሰጥም። የዘጠኝ ቀን ሕፃን የምታጠባ እናት ብትሆንስ? ታማሚው ከዚህ በፊት መድኃኒቱን ወስዶ ሽንቱ እንደ ቡና ጠቁሮ ቢሆንስ? የሸመደደ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የተረዳው ግን ሁሉንም ይሞክራል፣ ያላወቀውንም ፈልጎ ያገኛል።

አራተኛ፣ የስሕተት መዝገብ ይኑራችሁ። ጥያቄውን መገልበጥ አያስፈልግም፤ የሳታችሁበትን ምክንያት በአንድ መስመር ጻፉ። አላወቅሁትም? ሁለት በሽታዎችን አምታታሁ? «ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን ሳላስተውል አለፍኩ? እንግሊዝኛው አሳሳተኝ? ከሁለት ሳምንት በኋላ መዝገባችሁን ስታዩ ድክመታችሁ አንድ ቦታ ተከማችቶ ታገኙታላችሁ። አብዛኛው ስሕተቱ በችኮላ የመጣ ተማሪ ሌላ መጽሐፍ ቢያነብ ጊዜውን ያባክናል፤ እውቀቱ ያነሰው ደግሞ ስለ ፈተና ስልት ቢመከር አይረዳውም።

አምስተኛ፣ ልምምዱን በትኑት። በአንድ ሌሊት 200 ጥያቄ ከመሥራት በአሥር ቀን በየዕለቱ 20 መሥራት ይሻላል፤ የሳቱትንም ከቀናት በኋላ መልሶ መሞከር። የአገው ፈረሰኛ ለጥር 23 በዓል ፈረሱን በዋዜማው መግራት አይጀምርም።

ከዚህ ቀጥሎ ጉዳቱን ላንሳ። ተማሪዎች በቴሌግራም የሚቀባበሉት ስብስብ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በመጽሐፍና በመምህራን የተዘጋጀ የመለማመጃ ጥያቄ ነው፤ ይህ ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ከዚህ በፊት የተፈተኑ ሰዎች በትዝታ የጻፉት ነው፤ የጥያቄው ግማሽ ጠፍቶ፣ መልሱ በድምፅ ብልጫ ተወስኖ ይገኛል። ሦስተኛው «የዘንድሮው ፈተና ነው» ተብሎ በገንዘብ የሚሸጠው ነው። ብዙ ጊዜ ውሸት ነው፤ እውነት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ቴርሞሜትሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ትኩሳት አለኝ ማለትንና በረዶ ላይ አስቀምጦ ድኛለሁ ማለትን አስቡት። መለኪያው አንድ ነገር ያሳያል፣ ሰውነቱ ግን እንደነበረ ነው። በተሰረቀ ጥያቄ ያለፈ ሰው ፈታኙን ያታለለ ይመስለዋል፤ ያታለለው ግን ገና ያላገኛትን፣ አንድ ሌሊት ደም እየፈሰሳት የምትመጣ እናትን ነው።

በውጭ ሀገር የተዘጋጁ የጥያቄ ስብስቦችም አሉ። ብዙዎቹ በጥራት የተሠሩ ናቸው፤ ማብራሪያቸውም ያስተምራል። ነገር ግን የተጻፉት ለሌላ ሀገር ታማሚ መሆኑን አትርሱ። በእነሱ ዘንድ ወባ የሚይዘው «ከአፍሪካ የተመለሰ መንገደኛ» ነው። የእኛ ታማሚ ከየትም አልተመለሰም፤ ጓንጓ ወይም ጃዊ ይኖራል። እግሩ ያበጠ ሰው ሲቀርብ የውጭው ስብስብ ወደ ልብ ድካም፣ ወደ ደም መርጋት፣ ቢበዛ ትንኝ ወደምታስተላልፈው ፋይላሪያሲስ ይመራችኋል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ የደጋ ገበሬ ግን ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው፣ ሊኖርበት ይችላል። ይህን ስም ያወጣለት በኢትዮጵያ ሲሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በትንኝ አይመጣም፤ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ አፈር ንክኪ ይመጣል፤ ከእግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ በጫማና በእግር ንጽሕና ይከለከላል። ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በሽታው ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህን በሽታ የማያነሳ ስብስብ ብቻ ያጠና ምሩቅ፣ በጫማና በሳሙና ሊረዳው የሚችለውን ሰው «መድኃኒት የለህም» ብሎ ሊሸኘው ይችላል።

ከፍታም ሌላው ምሳሌ ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የሚኖር ጤነኛ ሰው ሄሞግሎቢኑ ከቆላው ሰው ከፍ ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የደም ማነስ ሲለካ ለከፍታ ማስተካከያ እንዲደረግ ይመክራል። ያለ ማስተካከያ የመጽሐፉን ቁጥር ብቻ የያዘ ተማሪ የደም ማነስ ያለባትን የእንጅባራ ነፍሰ ጡር «ደህና ነሽ» ሊላት ይችላል። ስለዚህ የውጭውን ስብስብ ተጠቀሙ፤ ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ መጨረሻ «ይህ ታማሚ ዳንግላ ቢመጣስ?» የሚል አንድ ጥያቄ ጨምሩበት። ምን ምርመራ አለኝ? የትኛው በሽታ እዚህ ይበዛል? መቼስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ልላከው?

የምርጫ ጥያቄ ሊመዝነው የማይችለውም አለ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ታማሚው ግን በአማርኛ ወይም በአዊኛ ይናገራል። በጥያቄው ላይ «ዲስፕኒያ» ተብሎ የተጻፈው ዋርድ ውስጥ «ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል» ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ በቡድን ስታጠኑ አንዳችሁ ጥያቄውን ደብቃችሁ እንደ ታማሚ በራሳችሁ ቋንቋ አውሩት፤ ሌላው እየጠየቀ ታሪኩን ያውጣ። አዊኛ የምትናገሩ ተማሪዎች በዚህ ለጓደኞቻችሁ መምህር ናችሁ። የሆድ እብጠትን በእጅ ዳስሶ ማወቅን፣ ለአንዲት እናት መርዶ መንገርን፣ አላውቅም ብሎ ከፍተኛ ባለሙያ መጥራትን ግን በወረቀት መለማመድ አይቻልም። ለጥያቄ ብላችሁ ዋርድ የቀራችሁበትን ቀን ምንም ስብስብ አይመልስላችሁም።

አሁን ንግግሬን ወደ ባልደረቦቼ አዞራለሁ። ተማሪው የተበላሸ ጥያቄ ፍለጋ የሚሄደው ደህና ጥያቄ ከእኛ ስላላገኘ ነው። አንድ ጥያቄ ካስተማርን በኋላ ሁለት ነገር መለካት እንችላለን፤ ስንቱ ተማሪ መለሰው፣ ጎበዞቹስ ከደካሞቹ የተሻለ መልሰውታል ወይ? ጎበዞቹ የሚስቱት፣ ደካሞቹ የሚመልሱት ጥያቄ ካለ ችግሩ የተማሪው ሳይሆን የጥያቄው ነው። ይህን ስሌት ለመሥራት ወረቀት፣ እርሳስና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። በየትምህርት ክፍሉ እንዲህ የተጣሩ፣ ማብራሪያ ያላቸው፣ የአካባቢያችንን ታማሚ የሚያሳዩ ጥያቄዎች ቢጠራቀሙ በጥቂት ዓመት የራሳችን ስብስብ ይኖረናል። በታተመ ወረቀትም ይቀመጥ እላለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ ዝግጅቱ ሁሉ በስልክ ላይ የነበረ ተማሪ ምን እንደገጠመው ሁላችንም አይተናል።

ሌላም አለ። የፈቃድ ምዘና በር እንጂ የማዕረግ መሰላል አይደለም። በአሜሪካ ለሐኪሞች የሚሰጠው የፈቃድ ፈተና የመጀመሪያው ደረጃ ከጥር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ውጤቱን በቁጥር መስጠት አቁሞ «አለፈ፣ ወደቀ» ብቻ ማለት ጀምሯል፤ ለበር የተሠራው ቁጥር ሰውን ለማወዳደሪያ መዋሉ ካስነሳው ክርክር በኋላ ማለት ነው። እኛም ተማሪን በነጥቡ ስናሞግስና ስናሳፍር ይህን እናስብ።

በመጨረሻ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳያልፉ የቀሩና ለዳግም ፈተና የሚዘጋጁ ምሩቃን እንዳሉ አውቃለሁ። ለእናንተ የምለው ከምርመራው ትምህርት የወጣ ነው። አንድ የምርመራ ውጤት ስለ አንድ ቀን ይናገራል፤ ስለ ሰው ሙሉ ፍርድ አይሰጥም። ነገር ግን ያለ ምክንያት የወጣ ውጤትም የለም። ሳታልፉ ከቀራችሁ በኋላ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ «ስንት ጥያቄ ልጨምር?» ሳይሆን «በየትኛው ክፍል፣ በምን ምክንያት ሳትኩ?» የሚለውን ነው። ያንን ከመለሳችሁ የቀረው መንገድ ከምታስቡት ያጥራል። ብቻችሁን አታጥኑ፤ አብረዋችሁ የተመረቁትን፣ ያለፉትንም ጨምራችሁ ሰብስቡ። መምህሮቻችሁም ተመርቃችሁ ወጥታችኋል ብለን በር የምንዘጋበት ምክንያት የለም። የእኔ ቢሮ ዘወትር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው፤ የስሕተት መዝገባችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።

 አሁን ደግሞ የእናንተን ጥያቄ ለመስማት ተራው የእኔ ነው።